ጳጉሜን የማያውቀው ሰዓት

ኪነ ጥበብ ሲባል ግጥሙ፣ ሥዕሉ፣ ዜማውና ተውኔቱ ይዘረዘራሉ፤ የብረታ ብረት ባለሙያው እጅ ያፈራው ረቂቅ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ሆኖም በመቶ ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ተዋቅሮ፣ በአንዲት ሞላ ኃይል እየተንቀሳቀሰ፣ ሰዓትን ብቻ ሳይሆን ዕለትን፣ ወርንና የጨረቃን ልደት የሚናገር የእጅ ሰዓት እንደ ማናቸውም የጥበብ ሥራ ሊመረመር ይገባዋል። ቅርጹ ምን ይመስላል? አሠራሩ ምን ያህል የረቀቀ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚናገረው ለማን ነው? በማንስ ቋንቋ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ፣ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ በነበረ አንድ ሰዓት ላይ ሲነሣ፣ መልሱ ከሰዓቱ አልፎ ወደ ሀገር ባህል ይዘልቃል።

ሰዓቱ በ1839 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ ከተማ የተመሠረተው የፓቴክ ፊሊፕ ቤት የሠራው፣ በሞዴል ቁጥሩ 2497 የሚባለውና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንብረት የነበረው የወርቅ የእጅ ሰዓት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. (በ1954 እ.ኤ.አ.) ስዊስን በይፋ በጎበኙበት ጊዜ እንደተበረከተላቸው ይነገራል። ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.)፣ በጄኔቭ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ከታሰበ በኋላ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. (በ2017 እ.ኤ.አ.) ግን ዳግም ቀርቦ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። የዚህ ሞዴል ሰዓቶች ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠሩ ጠቅላላ ቁጥራቸው 200 አልሞላም።

ስለ ዋጋው በጊዜው ብዙ ተጽፏል። ስለ ሥራው ግን የተባለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ምስጋናው ከሥራው ይጀምር።

የ2497 ገጽ ሲታይ በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው በጸጥታው ላይ ነው። ከላይ፣ ከ12 ቁጥር በታች፣ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች ጎን ለጎን ተከፍተዋል፤ አንደኛው የዕለቱን ስም፣ ሁለተኛው የወሩን ስም ያሳያል። ከታች፣ ከ6 ቁጥር በላይ፣ ቀኑን በቁጥር የሚያመለክት ትንሽ ክብ አለ፤ በዚያው ክብ ውስጥ ጨረቃ ከመስኮቷ ብቅ ትልና መልሳ ትጠልቃለች። ረጅሙ የሰከንድ ጠቋሚ ከመሐል ተነሥቶ ገጹን በሙሉ ይዞራል። ይህን ያህል ነገር በአንድ ጠባብ ገጽ ላይ ተደርድሮ ሳለ አንዱ ሌላውን አይጋፋም። በግጥም ቋንቋ ቢነገር፣ ቤቱ የሞላ፣ ቃሉ ግን ያልተጨናነቀ ስንኝ ነው።

የጥበቡ ሥር ያለው ከገጹ በስተጀርባ ነው። እንዲህ ያለው ሰዓት «ዘላለማዊ የቀን መቁጠሪያ» ይባላል። የአውሮፓውያን ወራት ርዝመታቸው የተዘበራረቀ ነው፤ ከአራት ዓመት 48 ወራት ውስጥ 28ቱ 31 ቀን፣ 16ቱ 30 ቀን፣ ሦስቱ 28 ቀን፣ አንዱ ደግሞ 29 ቀን አላቸው። ተራ የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ይህን ስለማያውቅ ባለቤቱ በየጊዜው በእጁ ያርመዋል። ዘላለማዊው ሰዓት ግን ትዝታ አለው። በውስጡ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ክብ ብረት ይገኛል፤ በጠርዙ ላይ ለ48ቱ ወራት እንደየርዝመታቸው ጥልቀት ያላቸው ስርጉዶች ተቀርጸዋል። የአንድ ማንሻ ምንቃር በተራው ስርጉድ ላይ ያርፍና በወሩ መጨረሻ የቀኑ መንኩራኩር ስንት ጥርስ መዝለል እንዳለበት ይወስናል። የካቲት ገደማ የሚውለው የአውሮፓውያን ፌብሩዋሪ ጥልቁ ስርጉድ ነው፤ ምንቃሩ እዚያ ሲወርድ መንኩራኩሩ ከ28 ተነሥቶ 29ን፣ 30ን፣ 31ን በአንድ ሌሊት ዘሎ 1 ላይ ይቆማል።

የዚህ ሐሳብ አባት በ18ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ቶማስ መጅ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ ደግሞ በ1925 እ.ኤ.አ. በእጅ ሰዓት ውስጥ አስገብቶታል። በአንድ ክንድ ላይ አራት ዓመት የሚሸከም ብረት መፍጠር፣ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ፣ የሰው ልጅ የአእምሮና የጣት ኅብረት ከደረሰባቸው ከፍተኛ ቦታዎች አንዱ ነው።

ለዚህ ሰዓት ከአንድ ቤት የወጡ ወንድሞች አሉት፤ በተለይም ቁጥር 1518 እና ቁጥር 2499። እነዚህ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ክሮኖግራፍን፣ ማለትም ሲፈለግ የሚነሣና ሲፈለግ የሚቆም የሩጫ መለኪያን ያጣመሩ ናቸው። የመጀመሪያው በ1941 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በጠቅላላው 281 ተሠራ፤ ሁለተኛው ከ1951 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ 349 ተሠራ። ልባቸው በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ በሰከንድ 5 ጊዜ ስለሚመታ፣ ጠቋሚያቸው የሰከንድን አንድ አምስተኛ ይለያል። በእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ ረጅሙ ዘመንና አጭሩ ቅጽበት አብረው ያድራሉ፤ አንዱ መንኩራኩር ለአራት ዓመት ይታገሣል፣ ሌላው የዓይን ጥቅሻ ይቆጥራል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስለ አጭሩ ቅጽበት ሲነገረው ሮም ትዝ ትለዋለች። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የማራቶኑን ርቀት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የፈጸመው በ1960 እ.ኤ.አ. በዘጠነኛው ወር በ10ኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ ነበር። የዓለም መዝገብ ቀኑን እንዲህ ይጽፈዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን ያ ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ድሉ የተገኘው አሮጌው ዓመት አልቆ አዲሱ ሊጠባ ሲል ነው። የዓለም ክሮኖግራፎች ሰከንዱን እስከ ክፍልፋዩ በትክክል ያዙት፤ ሰከንዱ ያረፈበትን ወር ግን የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም።

ትችቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት የወር መስኮት 12 ስሞችን ብቻ ያዞራል። አሥራ ሦስተኛ ወር ያላት ሀገር ርእሰ ብሔር ክንድ ላይ የታሰረው ይህ ድንቅ መሣሪያ ጳጉሜንን አያውቅም። መስከረም ሲጠባ ዓመት እንደተለወጠ አያውቅም። ቀን የሚጠባው ጎህ ሲቀድ ሳይሆን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው ብሎ ያምናል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን የወረዱበት ቀን በሀገሩ ሕዝብ አንደበት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ አዲሱ ዓመት ከገባ ገና ሁለተኛው ቀኑ። በዚህ ሰዓት ቋንቋ ግን ያው ሐሙስ በአሮጌ ዓመት አጋማሽ ላይ የዋለ 12ኛ ቀን ከመሆን አያልፍም። አንድ ዘመን ያከተመበትን ቀን ሰዓቱ እንደ ማናቸውም ቀን ቆጥሮት ያልፋል።

አንድ የጥበብ ሥራ «ለሁሉም ይናገራል» ሲባል፣ አባባሉ የሚፈተነው በቤተ መንግሥት ወይም በጨረታ አዳራሽ ሳይሆን ተራ ሰው በሚኖርበት ከተማ ነው። ለዚህ ፈተና ከመቂ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። መቂ ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው የስምጥ ሸለቆ አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከጉራጌ ደጋ ወርዶ በአጠገቧ ያልፍና ወደ ዝዋይ፣ በኦሮምኛው ስሙ ወደ ደምበል ሐይቅ ይገባል። ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ የሚለማባት፣ የጭነት መኪና ሌት ተቀን የሚያልፍባት የሥራ ከተማ ናት። በውስጧም ከአንድ በላይ የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይኖራል።

ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ፣ በቱሉ ጉዶ፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንና መጻሕፍት ከአክሱም ሸሽተው ወደዚህ ደሴት እንደተሻገሩ በትውፊት ይነገራል፤ ገዳሙም የብራና መጻሕፍትን ሲጠብቅ ኖሯል። በደሴቶቹና በሐይቁ ዳርቻ የዛይ ሕዝብ ይኖራል። የቤተ ክርስቲያኑ ሊቅ ጾምና በዓልን የሚያወጣው በባሕረ ሐሳብ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓት ደግሞ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. (በ2016 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የከተማዋ ሙስሊም 354 ወይም 355 ቀን ባለው የሂጅራ ዓመት ረመዳንን ይጠብቃል። በአጎራባቿ በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ፣ ለአውሮፓ ገበያ የሚበቅለው ጽጌረዳ ደግሞ ለፌብሩዋሪ 14 እንዲደርስ ይታሰብለታል፤ ያ ቀን ለአበባ ቆራጯ እንደ ዓመቱ የካቲት 6 ወይም 7 ነው። በዚህ ሸለቆ የሚኖር ሰው በአንድ ቀን ውስጥ በአራት አቆጣጠር ያስባል፤ ይህንንም የሚያደርገው ያለ አንዳች መንኩራኩር፣ በገዛ አእምሮው ነው።

የጄኔቩ ሰዓት በመቂ ገበያ መሐል ቢገኝ ከእነዚህ ከአራቱ የሚያውቀው አንዱን፣ የአበባ ነጋዴውን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የሰዓቱ ብረት እውቀት ያጠረው አሠራሩ ስላልቻለ አይደለም። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር፣ በሰዓት ሠሪ ዓይን ሲታይ፣ ከአውሮፓው ይልቅ ለመንኩራኩር የተመቸ ነው።

ነገሩ በቁጥር ይታይ። በኢትዮጵያ አራት ዓመት ውስጥ 52 ወራት አሉ። ከእነዚህ 48ቱ ሁሉም እኩል 30 ቀን ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ጳጉሜኖች ሲሆኑ ሦስቱ 5 ቀን፣ አንዷ 6 ቀን አላት። የአውሮፓው ክብ ብረት አራት ዓይነት ጥልቀት ያሻዋል፤ ለዚህኛው ሦስት ይበቃዋል። ባለ 6 ቀኗ ጳጉሜን የምትውለው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ይህን ለማወቅም 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምሮ ለ4 ማካፈል ብቻ ይበቃል። ለምሳሌ ለ2015 ዓ.ም. ድምሩ 7515 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ 3 ማለት ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ሆነች። በ2497 ገጽ ላይ ከአራቱ ዓመታት የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለም። የኢትዮጵያው ሰዓት ግን ማቴዎስን፣ ማርቆስን፣ ሉቃስንና ዮሐንስን በተራ የሚያሳይ አንዲት መስኮት ቢኖረው፣ ማናቸውም የገጠር ዲያቆን ያነበዋል።

እርግጥ አንድ ችግር አለ። በጳጉሜን 5 ማታ የቀኑ መንኩራኩር ከ5 ወደ 1 ለመድረስ 25 ቀኖችን መዝለል አለበት፤ የአውሮፓው የሚዘለው ቢበዛ ሦስት ነው። ይህን ያህል ዝላይ ለአንዲት ደካማ ሞላ ከባድ ሸክም ነው። ነገር ግን የሰዓት ሥራ ጥበብ መፍትሔውን ካገኘው ቆይቷል፤ ቀኑን በሚዞር ክብ ፈንታ በቅስት ላይ በሚጓዝ ጠቋሚ ማሳየት ነው። ጠቋሚው ከ1 እስከ 30 ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ወሩ ሲያልቅ ይለቀቅና በሞላ ተስቦ ባንድ ጊዜ ወደ መነሻው ይመለሳል። ከ30 የሚመለስ ጠቋሚ ከ5 መመለስ አያቅተውም። እንደዚህ ያለ ሰዓት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ገና መንገድ ጀምሮ ሳለ ወደ 1 ሲመለስ ማየት እንዴት ያለ ትርኢት በሆነ ነበር!

የዕለቱ መለወጫም ቢሆን ከብረቱ ጋር አይጣላም። ማናቸውም የቀን መቁጠሪያ ያለው ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው ጠቋሚዎቹ 12 ላይ በሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ ነው። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር የሞላ ሰው፣ መለወጫው በንጋቱ 12 ላይ እንዲውል ካስተካከለው፣ ቀኑ በሀገሩ ልማድ መሠረት ከፀሐይ ጋር አብሮ ይጠባል። መሣሪያው ሳይነካ ትርጉሙ ብቻ ተለውጦ ኢትዮጵያዊ ይሆናል ማለት ነው።

ስለ ጨረቃም እንዲሁ። በብዙዎቹ ሰዓቶች የጨረቃዋ ክብ 59 ጥርስ አለው፤ ሁለት ወረ ጨረቃን፣ እያንዳንዱን በ29 ቀን ተኩል፣ ይቆጥራል። እውነተኛው ልክ ከዚህ በ44 ደቂቃ ያህል ስለሚበልጥ ሰዓቱ በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማ አንድ ቀን ይሳሳታል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን በ19 ዓመት አውድ፣ በአበቅቴና በመጥቅዕ፣ ከዚህ የቀረበ ስሌት በቃል ይዘው ኖረዋል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ይህ ለሰዓት ሠሪ የተነገረ ይመስላል፤ ሁለት መንኩራኩሮች በተቃራኒ ሲዞሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነውና።

«ዘላለማዊ» የሚለው ስም ራሱ ሲመረመር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ግድፈት ይወጣል። በ1582 እ.ኤ.አ. የተደነገገው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለ400 የማይካፈሉትን የምዕተ ዓመት መባቻዎች 366 ቀን እንዳይኖራቸው ስለሚከለክል፣ በ2100 እ.ኤ.አ. የጄኔቩ ሰዓት ይስታል፤ ያልተሰጠውን ፌብሩዋሪ 29 ይቆጥራል፤ በሰው እጅም ይታረማል። ዘላለሙ በዚያ ቀን ያበቃል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን አራተኛው ዓመት ያለ ልዩነት ሁልጊዜ 366 ቀን ነው። ለዚህ አቆጣጠር የተቀረጸ ክብ ብረት፣ ሞላው እየተሞላ እስከኖረ ድረስ፣ እርማት አያሻውም። በእርግጥ ይህ ጽናት ዋጋ ይከፈልበታል፤ ዓመቱ ከፀሐይ ጋር በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይለያያል፤ ከ2100 እ.ኤ.አ. ጀምሮም እንቁጣጣሽ በአብዛኞቹ ዓመታት ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ትሸጋገራለች። ከፀሐይ ጋር መታረቅ የሰማይ ጥያቄ ነው፤ ለራስ ሕግ መታመን ግን የብረት ጥያቄ ነው። በብረት ጥያቄ «ዘላለማዊ» የሚለው ስም የሚገባው ለጳጉሜን ባለቤት ነበር።

ይህ ሕልም ብቻ አለመሆኑን ሌሎች ሕዝቦች አሳይተዋል። ብላንፔን የተባለው የስዊስ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. የቻይናን ባህላዊ አቆጣጠር በእጅ ሰዓት አውጥቷል። ፓርሚጃኒ ፍለሪየ ደግሞ የሂጅራን ዘላለማዊ አቆጣጠር በእጅ ሰዓት ሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የሰዓት ሥራ ውድድር የፈጠራ ሽልማት አግኝቶበታል። ሁለቱም አቆጣጠሮች በጨረቃ የሚመሩ በመሆናቸው ከኢትዮጵያው እጅግ የከበዱ ናቸው።

እንግዲህ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። አንዱ ወገን «ቅርሳችን በባዕድ ሀገር ተሸጠ» ብሎ ያዝናል። ሌላው ወገን «የመሳፍንት ጌጥ ነው፣ ለሕዝቡ ምን ይረባል» ብሎ ያጣጥላል። የመጀመሪያው ወርቁን ከሥራው ጋር ያምታታል፤ ሰዓቱ የታሪክ ምስክርነቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም ሐሳቡ የጄኔቭ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱን ከሠራተኛው ጋር ያምታታል፤ በአጉሊ መነጽር ሥር ጥርስ በጥርስ የሞረደው ሰው መስፍን አልነበረም፤ ላቡን ያፈሰሰ የእጅ ባለሙያ ነበር። ለእርሱ አድናቆት መንፈግ የሥራን ክብር መንፈግ ነው።

ሦስተኛው፣ ይበልጥም ትክክል የሚመስለው ፍርድ፣ ሰዓቱን ያላለቀ ሥራ አድርጎ ማየት ነው። ስጦታው ሲሰጥ ሰጪው የተቀባዩን ሀገር ቀን አልጠየቀም፤ ተቀባዩም «የእኛ ወር 13 ነው» አላለም። በዚያች ዝምታ ውስጥ የጠፋው ነገር በጨረታ ከተሸጠው ወርቅ ይበልጣል። ወርቁን የከፈለ ወስዶታል፤ ባሕረ ሐሳብ ግን ዛሬም በብራናውና በሊቃውንቱ አንደበት አለ፣ ማንም አልገዛውም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች በጠባብ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰው ሰዓት የሚጠግን ወጣት ጥርስ መቁጠር ያውቃል፤ በደሴቱ ያለው መሪጌታ አበቅቴ መቁጠር ያውቃል። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ ጀልባና የአንድ አውቶቡስ ጉዞ ነው። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ቀን፣ ከብረት፣ ከነሐስ ወይም ከእንጨት እንኳ ቢሆን፣ ጳጉሜንን የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰዓታቸው መንደፊያው ይጀመራል። ለእርሱም የሚሰጠው ሂስ እንደ ጄኔቩ ሁሉ ጥብቅ መሆን ይገባዋል።